በገንዳው ዳር የሚነገር ቋንቋ

በደቡብ ዌልስ በሚገኝ አንድ የሕዝብ የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከል እንግዳ መቀበያ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የአባልነት ካርድ ማየት፣ የባድሜንተን ሜዳ መመዝገብ፣ የጠፋ የመዋኛ መነጽር ፈልጎ መስጠት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጆቻቸውን ለዋና ትምህርት ይዘው የሚመጡ ወላጆችን ማስተናገድ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ከላይ በአገሩ ነባር ቋንቋ በዌልሽኛ «ካኖልቫን ሃምዘን»፣ የመዝናኛ ማዕከል፣ ይላል፣ ከሥሩ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ከላይኛው መስመር ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ሰው ሆኜ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጡኝ በሳምንት ሁለት ቀን ለውሃ ውስጥ ስፖርት የሚመጡ አንዲት አዛውንት ናቸው። ከአንድ ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ስንለዋወጥ ኖረን፣ ዌልሽኛ መማር ከጀመርኩ በኋላ «ተማሪ ነኝ» የሚለውን ባጅ ደረቴ ላይ አድርጌ «ቦሬ ዳ»፣ እንደምን አደሩ፣ ብዬ የተቀበልኳቸው ዕለት፣ ካርዳቸውን ሊያወጣ ቦርሳ ውስጥ የገባው እጃቸው እዚያው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና፣ ለእኔ ሲሉ ቃሉን እየቆራረጡ፣ እስከ ትምህርት ቤት መግቢያ ዕድሜያቸው ድረስ ከዚህ ቋንቋ ሌላ እንደማያውቁ ነገሩኝ። ታዲያ እስከዛሬ ለምን በእርሱ አላናገሩንም ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከኋላዬ ሰው ቆሞ ሰልፉን ላስረዝም?» አሉኝ።

እኛ ይህን ነገር የምንጠራበት ቃል አለን፤ ይሉኝታ ነው። የዌልሽኛን ጉዳይ በዚህ ቃል በኩል ካየሁት ወዲህ፣ በሕዝብ መዝናኛ ቦታዎች ስለሚደረገው የቋንቋ ማስፋፋት ሥራ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። አንድ ሰው በገዛ አገሩ በገዛ ቋንቋው አገልግሎት የማግኘት መብት በሕግ ተጽፎለት ሳለ፣ መብቱን ለመጠቀም ግን አስቀድሞ መጠየቅ፣ መጠበቅና ሌላውን ማስቸገር እንዳለበት ከተሰማው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል መናገር ያለበት ከጠረጴዛው ወዲህ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ባለጉዳዩ አይደለም። እዚህ ይህን አሠራር ሳይጠየቁ ማቅረብ ይሉታል፤ በተለይ በጤና አገልግሎት ዘርፍ ብዙ የተባለለት ሐሳብ ነው።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልበል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1993 የወጣው ሕግ የመንግሥት ተቋማት ሁለቱን ቋንቋዎች በእኩልነት የሚያዩበትን መሠረት ጣለ። በ2011 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ለዌልሽኛ በዌልስ ውስጥ ይፋዊ ቋንቋነትን ሰጠው፤ ጉዳዩን የሚከታተል የዌልስ ቋንቋ ኮሚሽነርም እንዲሾም አደረገ። ከዚህ ተነሥተው በ2015 የወጡት ደንቦች በቀጣዩ ዓመት በአካባቢ ምክር ቤቶች ላይ በሥራ መዋል ሲጀምሩ፣ ነገሩ የእኛን ዓይነት ቦታ በቀጥታ ነካው። አዲስ ሰሌዳ ሲሰቀል ዌልሽኛው ቀድሞ የሚነበብበት ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ሲነገር ዌልሽኛው መቅደም አለበት፤ ምክር ቤቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ኮርስ ሲያዘጋጅ በዌልሽኛም ማቅረብ፣ ቢያንስ ደግሞ ያስፈልግ እንደሆነ በአግባቡ መገምገም ይኖርበታል። የዋና ትምህርትም እዚህ ውስጥ ይገባል። ግዴታውን ያልተወጣ ተቋም እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ሆኖም እኔ እንደማየው ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ቅጣቱ ሳይሆን ምርመራ ተከፍቶ ስም መነሣቱ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ገንዳዎቻቸውንና ጂሞቻቸውን ራሳቸው አያስተዳድሩም፤ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለኩባንያ ወይም ራሳቸው ላቋቋሙት ድርጅት አስረክበዋል። ድርጅቱ የሚሠራው በምክር ቤቱ ስም እስከሆነ ድረስ የቋንቋው ግዴታ አብሮ ይተላለፋል። ውሉ ሲፈረም ግን ስለ ውሃው ሙቀት፣ ስለ ጣሪያው ጥገናና ስለ መግቢያ ዋጋ በዝርዝር ተጽፎ፣ ስለ ቋንቋው «ሕጉን ያከብራል» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፍ ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ዌልሽኛ የሚችል አሠልጣኝ የት አለ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ቋንቋው የሚያዘው ወይም የሚጣለው ውሉ ላይ ነው።

ለመሆኑ የዋና ትምህርት ይህን ያህል ለምን ይወራለታል? መልሱ በሕዝብ ቆጠራው ውስጥ አለ። ዕድሜያቸው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ የዌልስ ነዋሪዎች መካከል ዌልሽኛ እንናገራለን ያሉት በ2001 20.8 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 19 በመቶ ወረዱ፤ በ2021 ደግሞ 17.8 በመቶ፣ በቁጥር ወደ 538,000 ሰዎች ሆኑ። የዌልስ መንግሥት በ2017 ባወጣው ዕቅድ ይህን ቁጥር በ2050 አንድ ሚሊዮን ለማድረስ ወስኗል። ከዕቅዱ ግቦች እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ብዙ የማይወራለትን ሁለተኛውን ነው፤ ቋንቋውን በየዕለቱ የሚጠቀመውን ሕዝብ ድርሻ ከ10 በመቶ ወደ 20 በመቶ ማሳደግ ይላል። ማወቅና መጠቀም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያመነ ሰው የጻፈው ግብ ነው።

ልዩነቱን የማየው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነው። በዌልሽኛ ከሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆች ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩን ሲያልፉ አስተማሪያቸው አብራ ካለች ዌልሽኛ ይናገራሉ፤ አስተማሪዋ ወደ መኪናዋ በተመለሰች በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወሬው ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። የከለከላቸው ማንም የለም። ቋንቋው የደብተር፣ የፈተናና የ«ዝም በሉ» ቋንቋ ሆኖ ጫወታው፣ ሳቁ፣ ብሽሽቁና ውድድሩ በሌላ ቋንቋ ስለሚካሄድ፣ ልጁ የትኛው ለግዴታ፣ የትኛው ለደስታ እንደሆነ ራሱ ይመድበዋል። በ2021 ቆጠራ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ክልል የተናጋሪዎቹ ድርሻ 34.3 በመቶ ነበር፤ ከአጠቃላዩ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ያፈራው ልጅ ካደገ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የእኛን በር ጭምር ያንኳኳል።

ይህን እኔ አላገኘሁትም። ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ በ1922 «ኡርድ» ተብሎ የሚጠራውን የዌልስ ወጣቶች ማኅበር ሲያቋቁም የተነሣው ከዚሁ ነጥብ ነው፤ ልጆቹ ውጪ ሲጫወቱ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ እየሆነ መሄዱ አሳስቦት ነበር። ማኅበሩ በ1932 በባሕር ዳርቻው በላንግራኖግ፣ በ1950 ደግሞ በባላ ሐይቅ አጠገብ ካምፖች ከፈተ፤ የዌልስ ልጅ ሆኖ ከሁለቱ በአንዱ ታንኳ ቀዝፎ ወይም ፈረስ ጋልቦ የማያውቅ ማግኘት ይከብዳል ይባላል። (በአማርኛ «ላን» ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ድምፅ በእኛ ፊደል አይገኝም፤ ምላስን ለ«ለ» አዘጋጅቶ ትንፋሽ ብቻ ማውጣት ነው። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።) ኡርድ ዛሬም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የስፖርት ክለቦችን ያካሂዳል። የሕዝብ መዝናኛ ማዕከላት ግን ጎረቤት ያለውን ይህን ልምድ ለመበደር ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

አሁን ወደ ገንዳው ልውሰዳችሁ። ጀማሪዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ተደርድረዋል። አሠልጣኟ ውሃ ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማ «ባሮድ?» ትላለች፤ ተዘጋጃችሁ ማለት ነው። «ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ» ስትል ፊታቸውን ይነክራሉ፤ «ስዊጎድ! ስዊጎድ!» ስትል በአፍንጫቸው አረፋ ያወጣሉ፤ «ኪክዮ» ስትል እግሮቻቸው ውሃውን እስከ መስታወቱ ይረጩታል፤ መጨረሻ ላይ «ዳ ያውን» ትላለች፤ ጎበዝ እንደማለት ነው። ለግማሽ ሰዓት ትምህርት የሚያስፈልገው ቃል ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ውሃ ውስጥ የተባለው ቃል ሰውነትን ይዞ ስለሚገባ ይመስለኛል ልጆቹ አይረሱትም። የእኔዋ ልጅ ቤት ውስጥ አማርኛ ትሰማለች፣ ከጓደኞቿ ጋር እንግሊዝኛ ታወራለች፣ በደረጃ ስትወጣ ግን የምትቆጥረው «ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ» እያለች ነው። እንዲያ ቁጠሪ ብሎ ያዘዛት የለም። አማርኛዋን በተመለከተ እኔና ባለቤቴ እስከዛሬ እንዲህ ያለ ገንዳ አላገኘንም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፊደል እናስቆጥራታለን፣ እርሷም እንደ ቅጣት ታየዋለች። የዌልሾቹ ችግር ለእኔ ሩቅ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። የምሠራበት ማዕከል በዌልሽኛ የሚሰጥ የዋና ክፍል ከፈተ። ክፍሉ የተመደበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አብዛኛው ወላጅ ገና ከሥራ ሳይወጣ በሚሆንበት ሰዓት ነበር። በመመዝገቢያው ገጽ ላይ የእንግሊዝኛዎቹ ክፍሎች በደረጃና በቀን ተዘርዝረው ሲታዩ፣ ዌልሽኛው ክፍል ከታች «ፍላጎት ካለዎት ያነጋግሩን» በሚል ዐረፍተ ነገር ተጠቅሶ ነበር። ሦስት ልጆች ተመዘገቡ። ወቅቱ ሲያልቅ «ፈላጊ የለውም» ተብሎ ተዘጋ። ያን ጊዜ ስልክ የማነሣው እኔ ነበርኩ፤ ክፍሉ መኖሩን ከእኔ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ፣ ልጆቻቸውን በዌልሽኛ የሚያስተምሩ ወላጆችን በጣቶቼ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ሱቁን ከኋላ በር ከፍቶ ገበያተኛ አልመጣም ማለት ግምገማ አይደለም። እኔም ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ፤ ደዋዩ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ ስለ እንግሊዝኛው ክፍል ብቻ መልሼ ስልኩን የዘጋሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ማሻሻያ ትንሽ ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ተለወጠ። በፊት «ዌልሽኛ ክፍል ከፈለጉ እዚህ ምልክት ያድርጉ» ይል የነበረው «ልጅዎ በየትኛው ቋንቋ ይማር?» ተብሎ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክፍሉም ወደ ቅዳሜ ጠዋት ተዛወረ። ስምንት ቦታ ነበረው፤ ሁሉም ተያዘ። የተመዘገቡት ደግሞ ዌልሽኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ብቻ አልነበሩም፤ እናቱ ፖላንዳዊት፣ አባቱ ሶማሊያዊ የሆነ ልጅ አለ፤ የእኔዋም ከስምንቱ አንዷ ናት።

ስለ ሰሌዳ ሁለት ቃል። ባለ ሁለት ቋንቋ ሰሌዳ ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም ሰዎች ታስረውበታል፤ በ1962 የተመሠረተው የዌልስ ቋንቋ ማኅበር አባላት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ የመንገድ ምልክቶችን ቀለም ይቀቡና ይነቅሉ ነበር። ስለዚህ ሰሌዳን አላናንቅም። ነገር ግን ሰሌዳ ብቻውን ምን እንደሚሆን የ2008ቱ የስዋንሲ ታሪክ ይናገራል። የአካባቢው ምክር ቤት ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ሊያሠራ ጽሑፉን ለተርጓሚ በኢሜይል ላከ፤ በዌልሽኛ መልስ ሲመጣለት አሳትሞ ሰቀለው። መልሱ ግን «አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩልኝ» የሚል ከኮምፒውተሩ በራሱ የተላከ መልእክት ነበር። ዌልሶቹ ራሳቸው ይህን እያነሡ ይስቃሉ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ የሚቆየኝ ጽሑፉ ከተርጓሚው እስከ ብረት ቆራጩ ሲሄድ በመካከል ያነበበው አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። በሥራ ቦታ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ሰሌዳው ለማንም ያልተጻፈ ጽሑፍ ይሆናል። ከአሥር ሰሌዳና ከአንድ አሠልጣኝ ምረጥ ብባል አሠልጣኙን እመርጣለሁ።

ትልቁ ችግር ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ዌልሽኛ ተናጋሪ የሆነ፣ የዋና አሠልጣኝነት የምስክር ወረቀት ያለው፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት በሚከፈል ደመወዝ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ለቋንቋው የሚወጣው ገንዘብ የገንዳውን ማሞቂያ ቢያስጠግን ይሻል ነበር የሚሉ ደንበኞች አሉን፤ የኃይል ዋጋ ከናረ ወዲህ ሰዓታቸውን የቀነሱ ገንዳዎችን ስለማውቅ ብስጭታቸው ይገባኛል። ሆኖም ዌልሽኛ የሚችል አሠልጣኝ ከማይችለው የበለጠ አይከፈለውም፤ «ቦሬ ዳ» ለማለትም በጀት አይመደብለትም።

ሠራተኞቹ መካከል ደግሞ ቋንቋውን እያወቁ የሚደብቁ አሉ። ጂም ውስጥ የሚሠራ አንድ ባልደረባዬ እስከ 16 ዓመቱ በዌልሽኛ ተምሯል፤ በብርቱካን ቀለም የተሠራውን፣ በካርቱን ሥዕል ላይ ንግግር የሚጻፍበትን ቅርጽ የያዘውን የ«ዌልሽኛ እናገራለሁ» ባጅ ግን አያደርግም። «የእኔ ዌልሽኛ የወጥ ቤት ዌልሽኛ ነው» ይላል፤ አንድ አስተማሪ መጥቶ ሰዋስዉን የሚያርመው ይመስለዋል። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1536 የወጣው ሕግ የፍርድ ቤቱንና የሹመቱን ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ አደረገው፤ በ1847 ስለ ትምህርት የቀረበው የመንግሥት ሪፖርት ቋንቋውን የድንቁርናና የኋላ ቀርነት ምንጭ አድርጎ ሣለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገት ላይ የእንጨት ቁራጭ ይንጠለጠል ነበር። እንጨቱ ከተጣለ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ አንገቱ ግን እንደታሰበው ቶሎ ቀና አላለም። የሥራ ላይ የዌልሽኛ ኮርስ ለሠራተኞች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ለባልደረባዬ የጠቀመው አዲስ ቃል አይደለም፤ የወጥ ቤት ዌልሽኛው በቂ መሆኑን የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ነው። ሐኪም ስፖርት ካዘዘላቸው የልብ ሕመምተኞች አንዱ፣ የሰሜን ዌልስ ሰው፣ ደረታቸውን የሚሰማቸውን ነገር በእንግሊዝኛ ሲገልጹ «ደህና ነኝ» ብቻ ይሉ የነበሩት፣ እርሱ በዌልሽኛ ሲጠይቃቸው ግን የት ጋ እንደሚወጋቸው በጣታቸው ያሳዩት በዚህ ዓመት ነው። ባጁን አሁንም አላደረገም።

ባለፈው ክረምት በሰሜን ዌልስ ወደምትገኘው ወደ ካናርቮን ሄደን ነበር። የግዊኔዝ አውራጃ ነው፤ በ2021 ቆጠራ 64.4 በመቶው ነዋሪ ዌልሽኛ ተናጋሪ ነበር፤ ምክር ቤቱም የውስጥ ሥራውን በዌልሽኛ ያካሂዳል። እዚያ በሄድንበት ገንዳ እንግዳ ተቀባዩዋ ፊቴን አይታ እንግሊዝኛ አልጀመረችም፤ በዌልሽኛ ስንት ሰው እንደሆንን ጠየቀችኝ፤ ተንተባትቤ መለስኩ፤ እርሷም ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። የዌልሽኛ ትምህርት ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች በነፃ ስለሚሰጥ ከእኛ አገር ሰዎች የሚማሩ አሉ፤ የብዙዎቻችን ቅሬታ ግን ወጥተን ልንለማመደው ስንል ሰዉ ለትሕትና ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መዞሩ ነው። አንድ የማይችል ሰው ወደ ክበቡ ሲገባ አሥሩም ቋንቋ ይቀይራሉ። ያ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

አዛውንቷ አሁንም ማክሰኞና ዓርብ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሰው ሲኖር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዌልሽኛውን ግን አይተዉም፤ ስሳሳትም ያርሙኛል።

የቅዳሜው ክፍል አሠልጣኝ በሚቀጥለው ወር ልትወልድ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ዌልሽኛው ከላይ ሆኖ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሁለት ሰዎች አመልክተዋል፤ ሁለቱም በዌልሽኛ ማስተማር አይችሉም። የአዲሱ ወቅት ምዝገባ ሰኞ ይከፈታል፤ ቅጹ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን እንዳሉ ናቸው። የጂሙን ባልደረባዬን የዋና አሠልጣኝነት ኮርስ እንዲወስድ ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ዓርብ አስብበታለሁ ብሎኛል።